ፒካፔን አንድ ስንዝር ከፍ ያስደረግሁ ጊዜ

መኪናውን ከፍ ማስደረግ ያማረው ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ። ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ባሌስትራ፣ ስለ ጎማና ስለ ዲፈረንሻል ጥርስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ ብዬ አላምንም። መካኒኮች አሉ፤ እነሱ ግን የሚያውቁት የሰው መኪና ነው። እኔ በራሴ መኪና ላይ፣ በራሴ ልብስ ላይ፣ በራሴ ጉልበት ላይ ደርሶብኝ ነው የተማርሁት። እንዲህ ያለ ትምህርት ቶሎ አይረሳም።

ፒካፔ ከትዳሬ በዕድሜ ትበልጣለች። መራዊ አጠገብ ካለው ከቆጋ መስኖ ድንችና ሽንኩርት እየጫነች ባሕር ዳር ገበያ ታደርሳለች፤ ቤቴ የሚኖረው በእሷ ነው። ቀለሟ አንድ ወቅት ሰማያዊ ነበር ይባላል። አሁን ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ቀለሟን ሲጠይቀኝ እኔም እሱም ዞር ብለን እናያታለን፣ ትንሽ እናስባለን፣ ከዚያ እሱ የመሰለውን ይጽፋል። ሞተሯ ግን አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ያሳፈረኝ ሆዷ ነው፤ ለመሬት በጣም ቅርብ ነበረች።

ያሳፈረችኝ ደግሞ በማን ፊት መሰላችሁ፣ በአማቴ ፊት ነው። የባለቤቴ የስንዱ አባት መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ስለኖሩ ያስተማሩትም ያላስተማሩትም «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔ ካላስተማሯቸው ወገን ነኝ። የሚኖሩት ከወረታ አለፍ ብሎ ወደ ሐይቁ በሚገባው ሜዳ ላይ ነው። በጋ ላይ ያ ሜዳ ብስክሌት ያስነዳል። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁር ጭቃ ይሆንና የገባውን ሁሉ ይዞ ያስቀራል።

የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና የተነሣችው በነሐሴ ነበር። «ዋዜማውን መጥቼ እወስድዎታለሁ» ብዬ ለየኔታ ቃል ገባሁ። ሄድሁም። ቤታቸው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረኝ መንገዱ መካከል ያለ አንድ ጉብታ የመኪናዬን ሆድ ተሸከመና ጎማዎቿ በከንቱ ይዞሩ ጀመር። እኔ እዚያ ስቆፍር ስውል፣ የኔታ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ደጃቸው ላይ ባለችው ድንጋይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ ዋሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በእግራቸው መምጣት አይችሉም። ልጅቱ አያቷ በሌሉበት ተጠመቀች።

ከዚያ ወዲህ የኔታ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስንዱም አልተናገረችኝም፤ ግን የክርስትናውን ፎቶ ባየች ቁጥር ቀድመው መጥተው ከነበሩት ከእናቷ አጠገብ ባለው ክፍት ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋ ትቆያለች። ያችን ጣት ባየሁ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል።

አሁን እንግዲህ በሰኔ መጨረሻ ወንድ ልጅ ተወለደልን። ወንድ የሚጠመቀው በአርባ ቀኑ ነው። በጣቴ ቆጠርሁ፣ ነሐሴ ላይ አረፈብኝ። ድጋሚ ቆጠርሁ፣ ያው ነሐሴ ነው። ስንዱ አልጋዋ ላይ ሆና አየችኝ።

«አባየን ዘንድሮም በፎቶ ነው የምናሳያቸው?» አለችኝ።

«ዘንድሮ ከቄሱ ቀድመው ነው የሚደርሱ» አልኋት። በማግሥቱ ጋራዥ ሄድሁ።

መካኒኬ ጋሽ ይርሳው ይባላል። ሥራውን የሚያውቅ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። መኪናዬን ዞሮ ዞሮ አያትና «ምን ያህል ከፍ ትበልልህ?» አለኝ።

«አንድ ስንዝር።»

«ምነው፣ አራት ጣት ይበቃሃል እኮ።»

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የተከራከርሁ እንዳይመስላችሁ፤ ማስረጃ ነበረኝ። ያን የተረገመ ቀን ጭቃው ውስጥ በሆዴ ተኝቼ፣ ጉብታው ምን ያህል እንደ በለጠኝ በእጄ ለክቻለሁ። አንድ ስንዝር ከፍ ብትል አልፋለች። በአንድ ስንዝር የተሸነፈ ሰው በአራት ጣት ሊመልሱት አይገባም።

«አንድ ስንዝር ካልሁ አንድ ስንዝር ነው፣ ጋሽ ይርሳው» አልሁት።

«ይሁን፣ የምትነዳት አንተ» አለኝ።

አሁን የጋሽ ይርሳውን እጅ ላስተዋውቃችሁ። ሰላም ሲለኝ መዳፌ ከነአንጓዬ እጁ ውስጥ ይገባና ለጥቂት ጊዜ አላየውም። ጋራዡ ውስጥ ሜትር አለ፤ ግን የብረት ስለሆነ ጀርባውን ሲያክክበት ነው የማየው። የቀረውን ሁሉ የሚለካው በእጁ ነው። እኔ የተናገርሁት በእኔ ስንዝር፣ እሱ የሠራው በእሱ ስንዝር ነው። ከሁለታችን ማንም አልዋሸም።

በሦስተኛው ቀን ልወስዳት ስሄድ መኪናዬን ቀና ብዬ አየኋት። ድሮ እኩል ነበር የምንተያየው። ጋሽ ይርሳው ከጭነት መኪና የወጣ ባሌስትራ ደራርቦ፣ አሞርዛተሮቹንም በረጃጅም ቀይሮ፣ ከሥሯ በግ ጎንበስ ሳይል የሚያልፍበት መንገድ ከፍቷል።

«ጋሽ ይርሳው፣ ይኸ አንድ ስንዝር ነው?»

ነገር ሳያበዛ አውራ ጣቱን ከታች አሳረፈ፣ ትንሿን ጣቱን ወደ ላይ ዘረጋ። ልክ ነው። ምን ይባላል? «እንዲያውም እንዲህ ነበር የፈለግሁት» ብዬ ቁልፌን ተቀበልሁ። ስገባ አንድ እጄን መሪው ላይ፣ አንዱን በሩ ላይ አድርጌ ዘለልሁ። እኔ ረጅም ነኝ፤ ለእኔ ችግር አልነበረውም።

ችግሩ አሮጌዎቹ ጎማዎች ከሥሯ ሲታዩ ማሳዘናቸው ነበር። ስለዚህ ሐጂ ሰይድ ዘንድ ሄድሁ። ሐጂ ጎማ ሲሸጡ ነው ጺማቸው የነጣው። ሱቃቸው ውስጥ ለአስፋልት የሚሆን ለስላሳ ጎማ፣ ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ግዙፍ የጭቃ ጎማ አለ። ዓይኔ ጥጉ ላይ ቀረ።

«ከዓመቱ ስንት ቀን ጭቃ ትገባለህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አንድ ቀን።»

«የቀረውንስ?»

«ያው አስፋልት ነው፤ መራዊ፣ ባሕር ዳር።»

«እንግዲያ መካከለኛውን ውሰድ። ያ ለአንተ መኪና አይሆንም፤ ይጮህብሃል፣ መሪ ስትጠመዝዝ ይፈትግሃል፣ ጉልበቷንም ይበላዋል።»

«ሐጂ፣ እኔ የምገዛው ለዚያች ለአንዷ ቀን ነው።»

ሐጂ ሰይድ በሕይወቴ ዕቃቸውን እንዳልገዛ የለመኑኝ ብቸኛ ነጋዴ ናቸው። እኔ ግን ግዙፉን አስጫንሁ። በማግሥቱ ያሉት ሁሉ በተራ በተራ መጣ። መጀመሪያ ጩኸቱ መጣ፤ ወደ ቆጋ ስሄድ ድንች የሚጭኑልኝ ሰዎች ድምፄን ከሩቅ ሰምተው ከምሳ ይነሡ ጀመር። ቀጥሎ መሪ በጠመዘዝሁ ቁጥር ጎማው ከላዩ የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ እየፈተገ ያቃስት ነበር። ጋሽ ይርሳው መጋዝ ይዞ መጣና የፓራፋንጎውን ጠርዝ ቆረጠው። ሲጨርስ ለጋሪ የሚበቃ ቆርቆሮ መሬት ላይ ቀርቷል።

ሦስተኛው ጉልበቷ ነበር። ልፈትናት ብዬ ወደ ቤዛዊት በሚወስደው ዳገት አወጣኋት። በአንደኛ ማርሽ ተንፈራገጠች፣ አቃሰተች፣ ቆመች። ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ በቀኝ በኩል አለፈኝ፤ ከኋላ የተቀመጡት እናት በኀዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

«ጎማው ሲተልቅ አንዱ ዙር ይረዝማል» አለኝ ጋሽ ይርሳው። «ሞተሩ ያው የድሮው ነው። ስለዚህ አንደኛ ማርሽህ እንደ ሁለተኛ ሆነብህ። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ጥርሶች መቀየር አለባቸው። የፊቱም የኋላውም፣ እኩል።»

«የኋላውን ብቻ ብንቀይረውስ?»

«ይቻላል። ጭቃ ላይ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ስታስገባ ፊቷ ወደ ወረታ፣ ኋላዋ ወደ መራዊ ቢያሰኛት ግን እኔን እንዳትጠራኝ።»

ተመሳሳይ ጥርስ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ሄደ። ልጄ በዚያ መካከል ፈገግ ማለት ጀምሯል አሉ፤ እኔ አሮጌ መኪና ሲፈርስ የሚሸጥበት ሁሉ ስዞር አላየሁትም። በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ተገኝቶ ተገጠመ። ቤዛዊትን በአንድ ትንፋሽ ወጣኋት። ወርጄ ደልዳላው መንገድ ላይ ስመለስ ያው ባጃጅ እንደገና አለፈኝ፤ አሁን ደግሞ ጉልበት እንጂ ፍጥነት የላትም። ቢሆንም ጭቃ ላይ የሚያሽቀዳድም የለም ብዬ ተጽናናሁ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩን የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ። ድንች ጫኞቼ ጆንያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው የጭነቷን ስፖንዳ ቀና ብለው እያዩ «ይኸ መኪና ነው ቆጥ?» ብለውኛል። ስንዱም ልጁን ታቅፋ ደጅ ወጥታ አየቻት። በሩን አየች፣ መሬቱን አየች፣ እኔን አየች።

«እኔ አራስ ነኝ፣ እዚህ ላይ አልወጣም። አባየ ግን . . .»

«አባትሽ ጋ መድረስ ነው እኮ ችግሩ» ብዬ አቋረጥኋት። አንድ ወር ሙሉ መንገዱን ብቻ ሳስብ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሌላ ነገር ለማሰብ ቦታ አልነበረኝም።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን በጠዋት አዲስ ነጭ ሱሪ ለብሼ ተነሣሁ። ዓባይን ተሻገርሁ፣ ወረታን አለፍሁ፣ ወደ ሜዳው ታጠፍሁ። የሩዙ ማሳ ውሃ ሞልቶት መንገዱና ማሳው አይለዩም። አራቱንም ጎማ አስገባሁና ቀስ ብዬ ነዳሁ። ያ ጉብታ እዚያው ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ አድጓል። ፍሬን ሳልነካ በላዩ ሄድሁ። ሆዷ አልነካውም። ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ብቻዬን ጋቢና ውስጥ መሪውን እየደበደብሁ ዘፈንሁ። ማሳ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም እጄን አነሣሁላቸው።

የኔታ እንደዚያን ጊዜው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ያችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ደረስህ?» አሉኝ።

«ደረስሁ፣ የኔታ» አልሁ። ያችን ቃል እንዲህ ደረቴን ነፍቼ ተናግሬያት አላውቅም።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ቀስ ብለው መጡ። በሩን ከፈትሁላቸው። የጋቢናው ወለል ወገባቸው ላይ ደረሰ። የኔታ በመቋሚያቸው ጫፍ የበሩን ሥር መታ መታ አደረጉት።

«መውጫዋ በየት ነው?»

አንድ ወር ሙሉ ወደ እሳቸው የምትደርስ መኪና ስሠራ፣ እሳቸው ወደ መኪናዋ የሚደርሱበትን ረስቼው ነበር። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ ጎልማሳ «እኛ ተሸክመን እናወጣዎታለን፣ የኔታ» አለ።

«ተሸክማችሁ የምታወጡኝ ቀን አይቀርም» አሉት። «ዛሬ ግን የምሄደው ለልጅ ልጄ ክርስትና ነው። በእግሬ ነው የምወጣ።»

ከዚያ ዘወር ብለው የተቀመጡባትን ድንጋይ አዩዋት። «ወደዚያች አስጠጋት» አሉኝ። ለካ ድንጋይዋ መቀመጫ ብቻ አልነበረችም፤ በቅሏቸው በነበረች ጊዜ የሚወጡባት መወጣጫ ናት። መኪናዬን አዙሬ አስጠጋሁ። የኔታ ድንጋይዋ ላይ ወጡ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«በቅሎየም ከፍታ ነበረች» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። መንገድ ስንጀምር ዞር ብለው ድንጋይዋን አዩዋት። «ስወርድሳ?»

«ስንደርስ እናያለን፣ የኔታ» አልሁ። በሙሉ ልብ ነው ያልሁት።

ብዙ አልሄድንም። አንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስንደርስ ዳሽቦርዱን በመቋሚያቸው መቱት። «አቁም።»

«ምነው፣ አመመዎት?»

«ደጅ ነው፤ ልሳለም።»

«በአውቶብስ ሲሄዱ ይወርዱ ነበር እንዴ?»

«አውቶብሱ የሰው ነው፣ ማን ያቆምልኛል? ከወንበሬ ብድግ ብየ አልፍ ነበር። በበቅሎየ ግን አንድ ቀን ደጅ ተቀምጨ አላለፍሁም። ይኸ ያንተ ነው፤ ያንተ ደግሞ የኔ ነው።»

በሆዴ ቆጠርሁ። ከዚያ እስከ ቤቴ ከመንገዱ የሚታይ ሰባት ደጅ አለ።

በመጀመሪያው ደጅ የመንገዱ ጠርዝ ከፍ ያለ ስለነበር አስጠግቻት በቀላሉ ወረዱ፣ ወጡ። ይኸማ ምንም አይደል አልሁ። ሁለተኛው ጋ ጠርዝ አልነበረም፤ ተለዋጭ ጎማዬን አውርጄ አጋደምሁት። ሲረግጡት ጭቃው ውስጥ ግማሹ ሰመጠ፤ እንደምንም ተወጣ። ሦስተኛው ጋ ጎማውን ከጭቃ እንደገና ከማውጣት ብዬ ባዶ ጀሪካን ገልብጬ አቆምሁላቸው። ይህ በዕድሜዬ ካደረግሁት ሁሉ የከፋው ጅልነት ነው። ተሳልመው ሲመለሱ ገና አንድ እግራቸውን እንዳሳረፉ ጀሪካኑ ሸርተት አለ። የኔታ በሁለት እጃቸው በሩ ላይ ተንጠለጠሉ፣ መቋሚያቸው ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ወገባቸውን ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ወንበሩ ገፋኋቸው። ልባቸው ሲመታ በእጄ ተሰማኝ፤ የኔም ከእሳቸው አላነሰ።

መቋሚያውን ጠርጌ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«የቀሩትን ከዚሁ ሆኜ እሳለማለሁ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «አታስቸግር።»

የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። ዝግ ባለ ድምፅ ነበር። ያን ቀን ድንጋይዋ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ ውለው፣ ሳልመጣ ስቀር ወደ ቤት የገቡትም እንዲሁ ሳይቆጡ እንደ ነበር ገባኝ። አንድ ስንዝር ከፍ ያልሁት ሰውየውን በበቅሏቸው ጊዜ የነበራቸውን ክብር እንኳ ላሳጣቸው ኖሯል። በጣም ከፋኝ።

አራተኛው ደጅ ሲታይ የኔታ አልመቱም፤ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ። እኔ ራሴ አቆምሁ። ዞሬ በራቸውን ከፈትሁ፣ ግራ ጉልበቴን ጭቃው ላይ አሳረፍሁና ቀኝ ጭኔን ከበሩ ሥር አቀረብሁላቸው።

«ይርገጡ፣ የኔታ። እርካብዎ እኔ ነኝ።»

ከላይ ሆነው አዩኝ። «ሱሪህ ነጭ ነው።»

«ይታጠባል።»

እግራቸውን አሳረፉ። እንዳይወድቁ አንድ እጃቸውን ራሴ ላይ ጣሉ። እንዲህ ቀላል ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር፤ የአንድ ጆንያ ድንች ግማሽ አይሆኑም። ወረዱ፣ ተሳለሙ፣ ተመለሱ። ሊወጡ ጭኔን ከረገጡ በኋላ እጃቸው ራሴ ላይ እንዳለ ቆሙ። በግእዝ የሆነ ነገር አነበነቡ፤ ተማሪያቸው ስላልነበርሁ አልገባኝም። የቀጠሉትን ግን በአማርኛ ነው ያሉት።

«ያን ጊዜም መንገድ ላይ እንደ ነበርህ አውቃለሁ። ጭቃው ነው የያዘህ።»

ስለዚያ ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። አንገቴን ቀና ማድረግ አልፈለግሁም። ከዚያ በኋላ በቀሩት ሦስት ደጆች ሁሉ እሳቸው ሳይመቱ እኔ ቀድሜ አቆም ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም ያየሁት ጉልላት የቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የእህል ጎተራ ክዳን ኖሮ፣ አቁሜ ከወረድሁ በኋላ የኔታ ሳቁብኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረስን። ስንዱ ልጁን ታቅፋ ደጅ ቆማለች። ዘልዬ ወረድሁና ተንበረከክሁ፤ የኔታ ጭኔን ረግጠው፣ ራሴን ይዘው ወረዱና የልጅ ልጃቸውን ከእጇ ተቀበሉ። ስንዱ ሱሪዬ ላይ የታተመውን የጫማ ምልክት ቆማ አየችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እርካብ ነው» አልኋት። «ጋሽ ይርሳው ሳይገጥመው ረስቶት።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በማግሥቱ በተነሣነው ፎቶ ላይ ክፍት ቦታ የለም፤ እኔ ራሴ ዳር ላይ ቆሜ ግማሽ ትከሻዬ ተቆርጧል፣ አልተቀየምሁም።

አሁን የሚያገኘኝ ሁሉ ዝቅ አስደርጋት ይለኛል። ሐጂ ሰይድ ጎማውን ልመልስልህ ብለዋል። ጫኞቼ ያጉረመርማሉ። ጋሽ ይርሳው ደግሞ እጁን ዘርግቶ፣ ባይሆን የብረት መርገጫ በአንድ ሰዓት እበይድልሃለሁ አለኝ። አይሆንም አልሁት፣ ምክንያቱን ግን አልነገርሁትም። መርገጫ ካለ የኔታ የበሩን እጀታ ይዘው ይወጣሉ፣ እኔም መሪዬን ይዤ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ለመስቀል ልጁን ሊያዩ ይመጣሉ፤ የማመጣቸው እኔ ነኝ። ሱሪዬ ታጥቧል። መንገዱ ላይ ሰባት ደጅ አለ።